ሰባት አጎት ያየው ቤት

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት አጎት አፈራሁ። እናቴ አንድ ወንድም ብቻ ነው ያላት፤ እሱም ደብረ ዘይት መኪና ሲጠግን ኖሮ ከዘመድ ጋር ተኳርፎ ያረጀ ሰው ነው። አባቴ ደግሞ ለእናቱ አንድ ነበር። የእኔ ሰባት አጎቶች ግን ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር፣ በአንዲት አሮጊት ሳሎን አንድ በአንድ የተወለዱ ናቸው። አዋላጇም እኔው ነበርኩ።

ዛሬ ዛሬ ሰው ሲያገኘኝ "ያ የቤት ሆልሴሊንግ የሚሉት ነገር ሊጂት ነው? ሕጋዊ ነው? ልጀምርበት?" ይለኛል። አዎ ወይም አይደለም እንድለው ነው የሚፈልገው። እኔ ግን አጎቶቼን ሳልቆጥር መልስ አልሰጥም።

ሱቄ ጀፒ ነው። ጀፒ የምንለው መሀል ከተማው ላይ ያለውን የሐበሻ ነጋዴ ሰፈር ነው፤ ድሮ የሐኪምና የጠበቃ ቢሮ የነበሩ ፎቆች ዛሬ ከላይ እስከ ታች በቁም ሳጥን መጠን ተሸንሽነው ሱቅ ሆነዋል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃና አንሶላ በጅምላ እሸጣለሁ። ሊፍቱ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው የሞተው። ከየሎኬሽኑ፣ ከከተማው ዳር ካሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ የሚመጡ ሴቶች "ሳውቦና" እያሉ በዙሉ ሰላምታ ይገባሉ፣ በደርዘን ይገዛሉ፣ ወስደው ይቸረችራሉ። እንጀራ ነው፣ አላማርርም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ደረጃ የወጣ ጉልበት ማታ ማታ የራሱን ሐሳብ ማሰብ ይጀምራል። የእኔ ጉልበት ሌላ ሥራ ፈልጊ ይለኝ ነበር።

ሌላ ሥራ ያመጣልኝ ጎረቤቴ ነው። ከሱቄ አጠገብ ጫማ የሚሸጥ፣ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው። በስልኩ የሆልሴሊንግ ኮርስ ተምሮ ነበርና አንድ ቀን ወንበሩን ወደኔ ጎተተ።

"እህትዬ፣ ቤት ሳትገዢ ቤት ልታተርፊበት ትችያለሽ።"

"ይሄማ ሌብነት ነው" አልኩት።

"ኮንትራክት ነው እንጂ! ስሚኝ። ቤቱን መሸጥ ከቸኮለ ሰው ጋር ትፈራረሚያለሽ። ወረቀቱ ላይ ገዢው 'እኔ ወይም እኔ የምሰይመው ሰው' ይላል። ሠላሳ ቀን አለሽ። በሠላሳው ቀን ውስጥ ከፍ አድርጎ የሚገዛ ትፈልጊና ኮንትራክቱን ለሱ ታስተላልፊለታለሽ። ልዩነቱ ያንቺ። ካፒታል ዜሮ!"

"ደላላ ልትለኝ ፈልገህ ነው ይሄን ሁሉ የምትዞረው?"

ተቆጣ። "ደላላ የሰው ቤት ነው የሚሸጠው። እኛ የራሳችንን ኮንትራክት ነው የምንሸጠው።"

እኛ ቤት ደላላ የስድብ ስም ነበር። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ቤት ስንከራይ ደላላው "እዚህ ውሃ በየቀኑ ነው" ብሎ ለእናቴ ማለላት። ሁለት ዓመት ስንኖር ውሃ እኛ ቤት የሚመጣው በእንግድነት ነበር። እናቴ ባልዲ ባነሳች ቁጥር ሰውየውን ትረግመው ስለነበር እርግማኑን በዜማው ነው የማውቀው። እና የጫማው ሰውዬ ደላላ አይደለሽም ሲለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሰው ማመን የፈለገውን ለማመን ብዙ አይለመንም።

አንድ ሕግ ግን አስቀመጠልኝ። "ሻጭ ገዢ እያመጣሽ መሆኑን ማወቅ የለበትም። ካወቀ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩና አንቺ ባዶሽን ትቀሪያለሽ።"

"ታዲያ ሰዎቹ ቤቱን በምን ያዩታል?"

"'ዘመዶቼ ናቸው' ትያታለሻ! ሐበሻ አይደለሽ እንዴ? ሐበሻ ቤት ሲያይ መቼ ብቻውን ሄዶ ያውቃል?"

ይሄ እውነት ነው። እኛ አንድ ክፍል እንኳ ስንከራይ አንዱ ግድግዳ ያንኳኳል፣ ሌላው ቧንቧ ይከፍታል፣ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ "ሰፈሩ ግን አልጣመኝም" ይላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማማ መጡ። ደንበኛ ሴት ሁሉ በጀፒ ቋንቋ ማማ ስለሆነች እሳቸውንም ማማ አልኳቸው፣ ስሙም እዚያው ጸንቶ ቀረ። ነጭ ናቸው፣ ፖርቱጋላዊት። ወደ ሰማንያ የሚጠጉ፣ ቦርሳቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ደብቀው ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው የወጡ ሴት። ትንፋሻቸው ሲመለስ ከኪሳቸው ባለ ቀለም የሱፍ ክር መዘዙ። ቀዩ የሳሎኑ መስኮት ቁመት ነው፣ ሰማያዊው የመኝታ ቤቱ፣ ቢጫው የማድቤቱ።

"ሜትር የለዎትም?" አልኳቸው።

"ሜትር ያነበበው ሰው ይሳሳታል። ክር አይሳሳትም" አሉኝ። እንግሊዝኛው ለሁለታችንም የውሰት ስለሆነ ቀስ ብለን ነበር የምንነጋገረው፣ ለዚህም ይመስለኛል ቶሎ የተግባባነው። ወደድኳቸው። እሑድ መጥቼ ራሴ እንደምሰቅልላቸው ቃል ገባሁ፤ ለማንም ገብቼ አላውቅም።

ቤቱ ተዳፋት ላይ የቆመ አሮጌ ቤት ነው። በረንዳው በቀይ ሰም ተወልውሎ ፊት ያሳያል። ከበረንዳው በላይ የወይን ሐረግ ሽቦ ላይ ተዘርግቷል። ጓሮውን ሳይ ግን ጮህኩ። ጎመን! የኛው ጎመን፣ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ የሚያህል፣ በመደዳ ተተክሎ። ማማ ከደሴታቸው ከማዴይራ ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ዘሩን በመሀረብ ቋጥረው ነው ያመጡት። እሳቸው እንደ ፀጉር አቅጥነው ከትፈው ከድንች ጋር ሾርባ ያደርጉታል፣ እኔ በሥጋ እንደምንሠራው ነገርኳቸው፣ ሁለታችንም የሌላዋ አሠራር ጎመኑን ያበላሸዋል ብለን አሰብን። ስሄድ አንድ እቅፍ ቆርጠው ሰጡኝ።

"መጋረጃው ግን ለእኔ አይደለም፤ ለገዢ እንዲያምር ነው" አሉ በር ላይ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሴት ልጃቸው የምትኖረው ቤኖኒ የሚባል ከተማ ነው፤ እዚያው ቤቷ አጠገብ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ተይዞላቸዋል። የሚጠበቅላቸው ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ቤታቸው መሸጡን የሚያሳይ ወረቀት ካላመጡ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። ሌላ ክፍል መቼ እንደሚለቀቅ ደግሞ ማንም አያውቅም፣ እዚያ ቦታ የሚለቀቀው ሰው ሲሞት ነው። አንድ ገዢ ቀርቦላቸዋል፣ ግን ቤቱን አሥራ አንድ ቦታ ሸንሽኖ ሊያከራየው ነው። "አሥራ አንድ በር!" አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "ወይኑንም ይነቅለዋል።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"እኔ ብገዛውስ?"

ፊታቸው በራ። "ትኖሪበታለሽ?"

"ከቤተሰቤ ጋር እንመክርበታለን" አልኩ። ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። ከሁለቱም የባሰ ነገር ነበር። የጫማው ሰውዬ ያተመልኝን ወረቀት በማግስቱ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ ፈረምን። 'ወይም እኔ የምሰይመው ሰው' የሚለውን ሲያነቡ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

"ይሄ ለባልሽ ስም ነው?"

"ለቤተሰብ" አልኩ። ባል የለኝም።

ከዚያ ስልክ አነሱና እዚያው ፊቴ ለዚያ ለአሥራ አንዱ በር ሰውዬ ደወሉ። "ቤቴን የሚኖርበት ሰው አግኝቻለሁ፤ አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም" አሉት። ከዚህ በኋላ እኔ ገዢ ካላገኘሁ ማማ ክፍላቸውን ያጣሉ። በአንድ ፊርማ ብቻ የአሮጊት ማረፊያ እጄ ገብቷል።

ስለዚህ አጎቶቹን ማዋለድ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው አዲስ አበቤ የጅንስ ነጋዴ ነበር። ማማ "የእናቷ ወንድም" መባሉን ሰምተው ኬክ ጋግረው ጠበቁን። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ አጎቴ ጿሚ ነው። ኬኩን እንቁላል አለበት፣ ሻዩን ወተት አለበት እያለ መለሰ። ማማ አዘኑ። "ለምን አይበላም? ታሟል?" የእናቴ ወንድም የሚጾመውን ጾም እኔ ለምን እንደማልጾመው ደግሞ ማስረዳት ነበረብኝ። ያን ኬክ ብቻዬን ሦስት ቁራጭ በላሁ።

ሁለተኛው ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ያለው የደቡብ ሰው፣ ጴንጤ፣ ድምፁ ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ። ሳሎን ገብቶ ከመቀመጡ በፊት ጸሎት እናድርግ አለ። ቤቱን፣ ጣሪያውን፣ ማማን፣ ፕሬዚዳንቱን፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥን ሁሉ ባረከ። ማማ ካቶሊክ ናቸው፤ ጸሎቱ ረዝሞባቸው በመሀል ሁለት ጊዜ አማተቡ። ሲጨርስ ቤቱን ሳያይ ስልክ ተደወለለትና ሄደ።

ሦስተኛው ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። "እኛ ጋ አጎት ታናሽ ይሆናል" አልኩ፣ ይህም ያጋጥማል። አራተኛውና አምስተኛው አብረው መጥተው የትኛው ግድግዳ ይፍረስ በሚለው ላይ ተጣሉ። አንዱ ወላይታ፣ አንዱ የጎንደር ሰው፤ በአማርኛ ጀምረው በእንግሊዝኛ ነበር የሚሰዳደቡት። ማማ ሻይ እየቀዱ ያዩዋቸዋል።

"ወንድማማቾች ናቸው?"

"በ... በአባት።"

ስድስተኛው እያንዳንዱን ክፍል በእርምጃው ለካና በአማርኛ ጆሮዬ ላይ "ስንት አልጋ ያስገባል?" አለኝ። አሥራ ሁለት በር ሊያደርገው ነበር። ከበረንዳው ጀምሬ እስከ መንገድ ሸኘሁት፣ ደግሜም አልደወልኩለት። ይሄን ማድረጌን ሳስብ ያኔውኑ ግማሽ ልቤ ከማማ ጋር እንደነበር ይገባኛል። ሌላው ግማሽ ግን ልዩነቱን ያስብ ነበር፤ የጫማው ሰውዬ ጧት ጧት "እንዴት ነው፣ ከብረሻል?" ይለኛል።

ቀኑ አለቀ። ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ሰባተኛውን አገኘሁ። የሆሳዕና ሰው ነው፣ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ከሱቁ ኋላ አንዲት ክፍል ውስጥ ከዘይትና ከዱቄት ጋር የሚተኙ። አማርኛው ቀስ ያለ ነው፣ ቃል መርጦ ይናገራል። አንድ ጊዜ ሱቄ መጥቶ ተነጋገርንና በሁለተኛው ቀን ይዤው ሄድኩ።

ሌሎቹ መጀመሪያ ክፍል ነበር የሚቆጥሩት። እሱ ቤቱን ዞሮ "ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በየት ነው የሚወርደው?" ብሎ ጠየቀ። ትምህርት ቤት በእግር ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀ። የወይኑ አንድ ሐረግ ከሽቦው ወርዶ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እያወራን ሳለ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ መልሶ አሰረው፣ እንዳሰረውም ያወቀ አይመስለኝም። ጎመኑ ጋ ሲደርስ ቁጢጥ አለ። "ባለቤቴ ይሄን ብታይ..." አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ገዢ ተገኘ! ማማም ዳኑ፣ እኔም ዳንኩ፣ ልዩነቱም አለ።

ሳሎን ገብተን ሻይ ተቀዳ። ማማ ስኳር እየጨመሩለት በደስታ ጠየቁት፤ "አንተስ በየት በኩል ነህ አጎቷ? በእናት ወይስ በአባት?"

በዓይኔ ለመንኩት። በእናት በል፣ በአባት በል፣ እንደፈለግህ በል!

ሰውየው ስኒውን አስቀመጠ። "አጎቷ አይደለሁም፣ እናቴ" አለ በዝግታ እንግሊዝኛ። "እሷን ሳያት ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ቤት ልገዛ ነው የመጣሁት።"

ማማ ማንቆርቆሪያውን በእጃቸው እንደያዙ ወደኔ ዞሩ።

"ስድስቱስ?"

"አይደሉም" አልኩ።

"የሚጸልየውም?"

"እሱም።"

ከዚያ ማማ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለካ ከሁለተኛው ጀምሮ ጠርጥረዋል። ባላቸው እዚህ አገር መጥተው የማዕዘን ሱቅ ሲከፍቱ፣ ዳቦና ወተት ሲጋራና ከረሜላ የሚሸጥበት፣ የዛሬው ስፓዛ አያት በሉት፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ የባላቸው "ያክስት ልጅ" ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ። ግማሾቹን ባላቸው መርከብ ላይ ነው የተዋወቋቸው። "የናንተን አጎቶች ሳይ የኛ ያክስት ልጆች ትዝ አሉኝ" አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነው፤ ስደተኛ ደግሞ ዘመድ ሲያጣ ይሠራል።

እፎይ ልል ስል ሳቃቸው ቆመ።

"እኔ ያልኩት ግን ሌላ ነበር" አሉ። "ዘመድ ባይሆኑም፣ አንቺ ትኖሪበታለሽ ብዬ ነበር። አትኖሪበትም?"

"አልኖርበትም ማማ።"

"ልትሸጪው ነበር።"

"ወረቀቱን" አልኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ሲዞር የጫማው ሰውዬ ድምፅ ተሰማኝ፣ አስጠላኝም። "አዎ። ልሸጠው ነበር።"

"እኔ ያንን ሰውዬ በአንቺ ምክንያት መለስኩት" አሉ። አልተቆጡም። ተነስተው ወደ ጓሮ ወጡ፣ ጎመናቸው መሀል ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አፈርኩ፣ ሌላ ቃል የለውም። ቧንቧውን ያስደረቀው ያ የእናቴ ደላላ ትዝ አለኝ፤ ቢያንስ እሱ የሸጠልን ውሃ ነው፤ እኔ ለማማ የሸጥኩት ራሴን ነበር።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ማማ ቤት ሄድኩ። ኮንትራክቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ይቅደዱት" አልኩ። "ሰውየው ግን እውነተኛ ገዢ ነው። እኔን ይተዉኝና ከሱ ጋር ይነጋገሩ።"

ማማ አልቀደዱትም፣ ጥንቁቅ ሴት ናቸው። የባላቸውን ኑዛዜ ያስፈጸመው ጠበቃ ጋ እኔንና ሰባተኛውን ይዘውን ሄዱ። ጠበቃው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና በትዕግሥት አስረዳኝ። የራስን የመግዛት መብት ለሌላ ማስተላለፍ ሕጉ አይከለክልም። የሚሰየመው ሰው ስም ቶሎ ካልገባ ግን የስም ማዛወሪያው ግብር ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። የሰው ቤት እያሳዩ ገዢ እየፈለጉ ከዚያ መጠቀም ደግሞ የቤት ወኪል ሥራ ነው፤ ለሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። "አንቺ አንድ እግርሽን እዚህ፣ አንድ እግርሽን እዚያ አድርገሽ ነው የቆምሽው" አለኝ። ከዚያ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "ለሻጯ ገና ሲጀመር ነግረሻት ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ነገር ይስተካከል ነበር።"

የእኔ ኮንትራክት በስምምነት ፈረሰ። ማማና ሰባተኛው በቀጥታ ተፈራረሙ፤ ሰውየው ፔፐሩ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሙሉ ነበር፣ ለዓመታት ያጠራቀመውም በቂ ነበር። ማማ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ወረቀት ላይ ሳይሆን በቃል። ወይኑ እንዳይነቀል። ሰውየው እጁን አንስቶ ማለ። መሐላ በሃይማኖቱ እንደማይፈቀድ ትዝ ሲለው ደግሞ ወዲያው መሐላውን አንስቶ "ቃሌ ነው" አለ።

የአረጋውያኑ መኖሪያ ወረቀቱን የተቀበለው ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ማማ ደውለው ሲነግሩኝ ሱቄ ውስጥ እልል አልኩ፣ አንሶላ የምትመርጥ ደንበኛዬም ምክንያቱን ሳታውቅ አብራ እልል አለች።

ከጠበቃው ቢሮ የወጣን ዕለት ሰባተኛው መኪናው ጋ ጠብቆ ገንዘብ ያለበት ፖስታ ሊሰጠኝ ነበር። የጠበቃው ቃል ገና ከጆሮዬ አልወጣም። አልቀበልም አልኩት። "እግዚአብሔር ይክፈልሽ" አለኝ። አሜን አልኩ፤ እግዚአብሔር ግን ቀን አይቆርጥም። የጫማው ሰውዬ ባዶ እጄን መመለሴን ሲሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ እንደታመመ ሰው አየኝ።

ቤቱን በሚለቁበት ቅዳሜ ማማ ማለዳ ደወሉ። "ቁም ሳጥኑ ከባድ ነው። አጎቶችሽን ላኪልኝ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ደወልኩላቸው፣ አምስቱ መጡ። ጿሚው ቅዳሜ ስለሆነ ማማ በጋገሩለት ኬክ ያለፈውን ተካሰ፤ የሚጸልየው የጭነት መኪናዋን ሳትንቀሳቀስ ባረካት፤ ወላይታውና ጎንደሬው ቁም ሳጥኑን በየትኛው በር እናውጣው ብለው እንደገና ተጣሉ። ታናሹ አጎቴ ፍሪጁን ብቻውን ተሸከመ። ማማ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው በእጃቸው ያዝዛሉ፣ ሁሉንም "አጎት" ብለው ነበር የሚጠሩት። ሰባተኛው ከነልጆቹ መጥቶ ቁልፍ ሲቀበል ማማ ከጎመኑ ዘር በመሀረብ ቋጥረው ይዘው ሄዱ፤ ቀሪውን ለሚስቱ ተዉላት። የዚያን ቀን ያፈሰስኩት እንባ የሐፍረት አልነበረም።

እና ሆልሴሊንግ ሊጂት ነው ወይ? ወረቀቱ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሥራው ትክክል መሆኑን የማውቅበት መንገድ ቀላል ነው። የምሠራውን ሻጩ ፊት ሻይ እየጠጣሁ መናገር ከቻልኩ ልክ ነው። አጎት ካስፈለገኝ ልክ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ለመልቀም አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አንድ የቤት ወኪል ድርጅት ውስጥ ተለማማጅ ሆኜ ተመዘገብኩ፣ ቅዳሜና እሑድ የሰው ቤት ከፍቼ በር ላይ እየቆምኩ ተማርኩ፣ ፈተና ወደቅሁ፣ ደግሜ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ደላላ ነኝ። ዛሬ ቃሉን ሳልሸማቀቅ ነው የምለው። መጋረጃውን ግን አልተውኩም፣ ጉልበቴም ማማረሩን አልተወም።

ፈቃዴ በመጣ በሁለተኛው ወር ከኬንሲንግተን አንዲት ሴት ደወሉ። ከማማ ድሮ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት ከመንገዱ ማዶ ለማዶ ሲያወሯቸው የነበሩ ጎረቤት ናቸው። ቤታቸውን ሊሸጡ ነው። ሄድኩ። ወደ መንገዱ ማዶ ሳይ የማማ ወይን ከበረንዳው አልፎ ጣሪያውን ሊይዝ ነው፣ ከሥሩ ልጆች ይጯጯሃሉ።

ሴትዮዋ ቤቱን እንድሸጥላቸው የሚወክለኝን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና እስክሪብቶ አነሱ። በስሜ የሚፈረም የመጀመሪያው የሥራ ወረቀቴ ነው።

"ሌሎች ወኪሎችም መጥተው ነበር፣ ካንቺ የበለጠ ልምድ ያላቸው" አሉ። "ጎረቤቴን ቤኖኒ ድረስ ደውዬ ጠየቅኳት። 'ለሷ ስጪ' አለችኝ።"

"ማማ? ምን ብለው?"

"'ውሸት ጨርሶ አትችልበትም' አለችኝ። 'ሦስት ሳምንት ሙሉ አጎት እያመጣች ሞከረችብኝ፣ ከመጀመሪያው በኋላ አንዱንም አላመንኳት።'" ሊፈርሙ ሲሉ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ቆመ። "አንድ ነገር ብቻ። ቤቱን ሰው ሲያይ ከማን ጋር ነው የምትመጪው?"

"ከገዢ ጋር" አልኩ። "ገዢውን ገዢ ብዬ ነው የማስተዋውቅዎት።"

ፈረሙልኝ።